አንድ ተሳፋሪ፣ ሠላሳ ሸኚ

አውሮፕላን ረከሰ ሲባል ሰምታችኋል አይደል? እኔ ወላሂ መጀመሪያ ስሰማ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ደህና ነገር በጤናው ይረክሳል እንዴ? ሽንኩርት እንኳ የሚረክሰው ሊበሰብስ ሲል ነው። ኋላ ኮምቦልቻ ወርጄ በዓይኔ አየሁት። ክንፉ ሁለት፣ ጎማው ሙሉ፣ ሸጋ ነገር። ጩኸቱን ግን አታንሱብኝ። መጀመሪያ ያረፈ ቀን የመንደራችን የደጋን ዶሮዎች ለሦስት ወር እንቁላል መጣል ረስተዋል። እሺ፣ ለሦስት ቀን በሉት።

ከአየር ማረፊያው በር ፊት ለፊት የአጎቴ ልጅ ዘሀራ ሻይ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች የቆርቆሮ ቤት ነው። ርካሹ አውሮፕላን መጣ ሲባል እንደሷ የተደሰተ የለም። ቱሪስት ይጎርፋል ተብሏላ። ነጫጭ የፕላስቲክ ወንበር ገዛች። ብርጭቆውን ሁሉ አዲስ አደረገች። ሳምቡሳውን ሳይቀር አሳነሰችው፤ ፈረንጅ አፉን በሰፊው አይከፍትም ብለው ነግረዋት።

ቱሪስቱስ መጣ። አልዋሽም፣ መጣ። ግን ውሃውን በቦርሳ በጀርባው አዝሎ ነው የመጣው። ከአውሮፕላን ወደ መኪና፣ ከመኪናው ወደ ደሴ፣ ሲብስም ወደ ሐይቅ። ዘሀራን የሚያያት በመኪና መስታወት ነው። እጁን ያወዛውዝላታል፣ እሷም ታወዛውዛለች። የደሴ ሆቴሎች ተጠቀሙ፣ ባለመኪኖቹ ተጠቀሙ፣ አልሐምዱሊላህ። እሷ ግን በእጅ ማወዛወዝ ምን ደብተር ትግዛ?

ታዲያ ማን አኖራት? እኛ ነና። ሸኚዎቹ።

የኛን አገር አሸኛኘት ታውቁታላችሁ? አንድ ሰው መንገድ ሲነሳ ጎረቤት ይሸኘዋል፣ አማች ይሸኘዋል፣ የተጣላው ሰው ሳይቀር ይሸኘዋል፤ ከቀረማ ቂም ያዘ ይባላል። ዱዓ ይደረጋል። ዱዓው ካለቀ በኋላ የዘገየ ሰው ይደርሳል፤ ለሱ ሲባል እንደገና ይደረጋል። መንገደኛው ገባ ብሎ የሚመለስም የለም። አውሮፕላኑ ከተራራው ጀርባ እስኪሰወር ማን ንቅንቅ ይላል? ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ ምን ያደርጋል ትላላችሁ? ሻይ ይጠጣል። አንድ ሰው ሲበር ሠላሳው ይጠጣል። አውሮፕላኑ ከዘገየማ ነገሩ ወደ ምሳ ይዞራል።

አንድ ቀን ዘሀራን ፊቷ አመድ መስሎ አገኘኋት። የአውሮፕላኑ ወንበር ግማሹ ባዶውን ስለሚመላለስ በረራው ሊቋረጥ ነው፣ ጉዳዩን የሚያይ ሰውም ከአዲስ አበባ ሊላክ ነው ብለዋታል።

«ሰይድ፣ ይሄ ከቀረ እኔ በምን ልኖር ነው?» አለችኝ።

«አብሽሪ» አልኳት። አብሽሪ ማለት ቀላል ነው። ምን እንደማደርግ ግን እኔም አላወቅሁም።

የተባለው ሰው የመጣው ሼህ ይማም ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ በሚሄዱበት ቀን ሆነ። ሼህ ይማም የመንደራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። እንግዲህ ሲሄዱ ማን ይቀራል? እኔ ማንንም መጥራት አላስፈለገኝም። መንደሩ ውስጥ የቀረው የታሰረ በሬ ብቻ ነው፤ እሱም ገመዱን እየጎተተ ነበር።

ሰውየው ክራባት አስሯል። ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ ፊቱ ፈካ። ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«አባት፣ ይሄ ሁሉ ሰው ለዚህ በረራ ነው የመጣው?»

«አዎ» አልኩት። ይሄ ውሸት አይደለም።

«ሁሉም ተሳፋሪ ነው?»

እዚህ ላይ ዘሀራን አየኋት። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማለች። መዋሸት አማረኝ፤ ለዋዛ ስዋሽ የኖርኩ ሰው አንዴ ለቁም ነገር ብዋሽ ምናለበት? ግን ዱዓ ላይ ነበርን። እጅ ተዘርግቶ ማን ይዋሻል?

«ተሳፋሪው እሳቸው ናቸው» ብዬ ሼህ ይማምን አሳየሁት።

«ሌላውስ?»

«ሸኚ ነው።»

«ቲኬቱ እንዲህ ረክሶ ለምን አብራችሁ አትሄዱም?»

«ሁላችንም ከሄድን ማን ይሸኛቸዋል?»

 ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዘሀራ ሻይና ሳምቡሳ አቀረበችለት፤ ሲያኝክ የዳኛ ፊት እንደሚያነብ ሰው አፉን አፉን ታያለች። ሼህ ይማም በዳበሳ መጥተው እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ጫኑ። «አንተም መንገደኛ ነህ፣ አሚን በል ልጄ» አሉት። ሳምቡሳው አፉ ውስጥ እንዳለ አሚን አለ።

ወር ሳይሞላ ወሬው መጣ። በረራው አይቋረጥም። እንዲያውም በአንድነት ቲኬት ለሚቆርጥ የመንደር ሰው ዋጋው በጣም ይቀንሳል ተባለ። ሰውየው ሸኚውን አሳፍሩት ብሎ መክሯል አሉ። ዘሀራ እልል አለች። ያን ቀን ሻይ በነጻ ነበር፤ ስድስት ብርጭቆ ጠጣሁ፣ ስምንት ብላችሁም አልጣላችሁ።

ሼህ ይማም ለሁለተኛው ሕክምና ሲጠሩ ጊዜ ሠላሳችንም ቲኬት ቆረጥን። እስከ ሐኪሙ በር ድረስ እንሸኛቸው አልን። በዕለቱ ፍተሻ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ቦርሳ ይመዘናል፤ ሻይ ለመጠጣት ማን ጊዜ አለው? በሩ ላይ ደርሼ ዞር ብል ነጫጮቹ ወንበሮች ባዶ ናቸው። ዘሀራ ብቻዋን ቆማ ሁለት እጇን ዘርግታ ለሠላሳችን ዱዓ ታደርጋለች። ያኔ ገባኝ። በረራውን አተረፍንላትና ገበያዋን ይዘንባት ሄድን። 

አውሮፕላኑ ውስጥ ጉልበቴ ከጆሮዬ ጋር ተዋወቀ። ውሃም በገንዘብ ነው ሲሉን ሁላችንም ጾመኛ ሆንን። በሦስተኛው ቀን ስንመለስም እንዲሁ። ኮምቦልቻ ስናርፍ በረሃብ አልቀናል። እና ማን ይቀበለን? ተቀባዩ ሁሉ አብሮን ነው የወረደው። በሩ ላይ ከዘሀራ በቀር አንድ ሰው የለም።

ሠላሳችንም ቦርሳችንን እንዳዘልን ወንበሮቹ ላይ ወደቅን። ሼህ ይማም በታከመው ዓይናቸው ዘሀራን ትክ ብለው አዩዋት።

«እንዲህ ከስተሽ ነው እንዴ ስታጠጭን የኖርሽው?» አሏት።

 ሁሉም ሌላ ሻይ አዘዘ። ሳምቡሳው አለቀ፣ ብርጭቆው አለቀ፣ እኔ በጣሳ ጠጣሁ።

ሒሳቡን ስጠይቃት የነገረችኝ ከወትሮው እጥፍ ነው።

«ዋጋ ጨመርሽ እንዴ?» አልኳት።

«ለሸኚ ያው ነው» አለች ብርጭቆ እየሰበሰበች። «ይሄ የቱሪስት ነው።»

አይደለሁም እንዳልል ቦርሳ አዝያለሁ። ከፈልኩ።