ማንም ያልቀመሰው ኩኪስ

ሐኪሞች የሰውን በሽታ ሲዘረዝሩ አንዱን ሁልጊዜ ይረሱታል። ስኳር ይላሉ፣ ግፊት ይላሉ፣ ጨጓራ ይላሉ፤ «ብላ እንጂ» የሚባለውን ግን ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም። እናንተ ታውቁታላችሁ። እንግድነት ሄዳችሁ፣ ጠግባችሁ እጃችሁን ስትሰበስቡ፣ ባለቤቲቱ ዓይኗን ከሳህኑ ወደ እናንተ፣ ከእናንተ ወደ ሳህኑ እያመላለሰች «ምነው፣ አልጣፈጠም እንዴ?» ስትል የሚይዛችሁ በሽታ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መብላት። እኛ ቆቦ ደግሞ ከወባ ይብሳል። ለወባው አጎበር ታድሎናል። ለ«ብላ እንጂ» አጎበር ይዞ የመጣ የለም።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ከዋጃ ወደ ሮቢት በሚወስደው አስፋልት ዳር ጎማ እለጥፋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ጠዋት ጠዋት ዳዊቴን ከደገምኩ በኋላ ቀኑን ሙሉ የማነበው የጎማ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ኩኪስ አሠራር ሊያወራችሁ ሲነሳ ብትስቁ አልቀየማችሁም። እኔም ስቄያለሁ።

ነገሩ የመጣው በጎረቤቴ በአያ እንድሪስ ነው። አያ እንድሪስ ዕድሜውን ሙሉ ማሽላ ሲያርስ የኖረ፣ ቤቱ ከእኔ ቤት በር ለበር የሆነ፣ ስኳር ያለበት ሰው ነው። ሐኪሙ «ኃይል ሰጪ ምግብ ቀንስ» ብሎታል። «ኃይል ሰጪውን ከቀነስኩ ማሽላውን ማን ያርምልኛል?» ብሎ ጠይቆት እንደመጣ ሲያወራ ሰፈሩን አስቋል። ሳቁ ግን እስከ ዒድ ነበር። እዚህ አገር ባለቤቱ ካልጀመረ እንግዳ እጁን ወደ ሳህን አይዘረጋም። አምና በዒድ እንግዳ ሲገባ አያ እንድሪስ ጣፋጩን ይጀምራል፤ ያ እንግዳ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ እንደገና ይጀምራል። ሲመሽ በባጃጅ ጭነን ሆስፒታል አደረስነው። ባለቤቱ ሞሚና ያን ጊዜ አንድ ነገር ማለች፤ ሁለተኛ በዒድ ቀን ከእንግዳ ጋር አይቀመጥም፣ ጓዳ ይዋል አለች።

ዘንድሮ ግን የሚመጡት እንግዶች እንዲያው እንግዶች አይደሉም። ልጁ ሰይድ ከጎብዬ ልጅ ጠይቆ፣ የልጅቱ አባት ሸህ ይማም ከነቤተሰባቸው ቤቱን ሊያዩ በዒድ ቀን ይመጣሉ። የሰይድ አባት ጓዳ ተሸሽጎ ልጃቸውን ይሰጣሉ? ወጥቶ ቢቀመጥና ባይበላስ? «ሳህናቸውን የሚፈሩት ምን ቢያደርጉበት ነው?» ይባላል። ቢበላ ሆስፒታል፣ ባይበላ ሰይድ ያለ ሚስት። አያ እንድሪስ በራፌ ላይ ካለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይኼንን ሲያሰላስል ሳየው አንጀቴን በላኝ።

እኔ ጎማ የሚያስጠግን ሰው ስጠብቅ ስልክ አያለሁ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ዱቄትም ስኳርም የሌለበት፣ ስኳር ያለበት ሰው የሚበላው ኩኪስ ስትሠራ አየሁ። ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ በቃ። «ይኸው!» ብዬ ተነሳሁ። ችግሩ ሴትዮዋ «ኦቭናችሁን ቀድማችሁ አሙቁ» ትላለች። የሌለኝን ነገር እንዴት አድርጌ ቀድሜ ላሙቀው? ደግሞ «ቅቤውን ከፍሪጅ አውጥታችሁ በቢላ ቁረጡት» ትላለች። የቆቦን ፀሐይ አታውቀውም። እኛ ጋ ቅቤ የሚሸጠው በጠርሙስ ነው፣ የሚቀዳውም እንደ ዘይት ነው።

አሳቤን ለሞሚና ነገርኳት።

«አንተ ጎማ እንጂ ምን ጋግረህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ኩኪሱም ክብ ነው፣ እቴ።»

ሳቀች። ከሳቀች ደግሞ እሺ ማለቷ ነው።

የዘንድሮን ነገር ታስታውሳላችሁ፤ ሁዳዴና ረመዳን ተያይዘው ገብተው ነበር። ሰፈራችን ቀኑን ሙሉ ድምፅ የለውም። ክርስቲያኑም ይጾማል፣ ሙስሊሙም ይጾማል፣ ፍየሎቹ ብቻ ያላምጣሉ። እኛም ለዒድ ዋዜማ፣ እሷ በጾሟ እኔ በጾሜ፣ በእኔ በራፍ ላይ ሥራ ጀመርን። ሞሚና ኦቾሎኒ ቆልታ ለሱቅ የምታስረክብ ሴት ናት። እንደ ልማዷ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ እያርከፈከፈች ቆላችው፣ ወቀጠችው። እኔ ሰሊጡን፣ እንቁላሉንና ቅቤውን ጨመርኩ፣ ስልኬ ላይ ያለችው ሴትዮ «ቁንጥር ጨው» ስላለችም ቁንጥር ጨው አደረግኩበት። ጣቶቼን ያያችሁ እንደሆነ የጎሚስታ ቁንጥር ምን ያህል እንደሆነ ትገምታላችሁ።

ኦቭኑ እንዲህ ነው። ከጭነት መኪና የወጣ አሮጌ ቸርኬ፣ ጎማው የሚገባበትን ብረት፣ አጋደምኩ፣ ውስጡ ከሰል ሞላሁ። በላዩ ትልቁን ድስት ጣድኩ፣ ከድስቱ ሥር ከጎሊና ወንዝ የመጣ ደረቅ አሸዋ አነጠፍኩ፣ ኩኪሱን በሳህን አድርጌ አሸዋው ላይ አስቀመጥኩ፣ በቆርቆሮ ከደንኩና በቆርቆሮውም ላይ ፍም ደረደርኩ። ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት። ድፎ ዳቦ የሚበስለው እንዲሁ አይደል? እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ከሰሉ ሰነፈብኝ፤ እኔም ሰነፍ ነገር አልወድም፣ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ አምጥቼ ነፋሁበት። አመዱ ተነስቶ እኔን፣ ድስቱን፣ ሞሚናንና በመንገድ የምታልፍ አንዲት ግመል አለበሳት። የመጀመሪያው ሳህን አመድ ሆነ። ሁለተኛውን ግን እየጸለይኩ፣ በእጅ ማራገቢያ እያራገብኩ፣ ወርቅ አስመስዬ አወጣሁት። ሽታው አስፋልቱን አቋርጦ ሄደ። አንድ ሹፌር ጎማው ሳይተነፍስ ቆመልኝ።

«በይ ቅመሺው» አልኳት።

«በጾሜ? አንተ ቅመሰው።»

«ቅቤና እንቁላል፣ በሁዳዴ?»

ሁለታችንም ዞረን ጎማው ላይ ተቀምጦ ተስቢሁን የሚቆጥረውን አያ እንድሪስን አየነው።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለ።

አፈርኩ። በረመዳን የሸበተ ሰው ቅመስ ይባላል? ሞሚናም መሬት መሬት አየች። እሷ ለሰላት ገባች፤ እኔም የአንድ አይሱዙ ጎማ ልፈታ ሄድኩ። ስመለስ አያ እንድሪስ ለሰላት ሲታጠብ፣ ውዱእ ሲያደርግ አገኘሁት። ከወትሮው ይልቅ ብዙ ይጉመጠመጣል። «ትጉ ሰው» ብዬ በልቤ አደነቅኩት። ማታ አፍጥረው ሞሚና ትቅመሰው አትሉኝም? በዚያ ቤት የእንግዳ ሳህን እንግዳው ሳይመጣ አይነካም። ከድና አስቀመጠችው።

የዒድ ዕለት ከቅዳሴ መልስ እንኳን አደረሳችሁ ልል ገባሁ። ሸህ ይማም ነጭ ለብሰው መሐል ተቀምጠዋል፣ ቤተሰቡም ግራና ቀኝ። አያ እንድሪስ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ በጄሪካን ሲያስቀዳ እንደዋለ በሩ ላይ የተደረደረው ጄሪካን ይናገራል። «ሙቀቱን አስቦ ነው» አልኩ። ሳህኑ መጣ። አያ እንድሪስ ቢስሚላህ ብሎ አነሳ፣ ገመጠ፣ አላመጠ፣ ፈገግ አለ። እንግዶቹ እጃቸውን ዘረጉ። ሸህ ይማም አንዴ ነከሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ማሻ አላህ» አሉ። «እንዲህ የሚጥም ነገር በልቼ አላውቅም። እስቲ ውሃ።»

ሁሉም ማሻ አላህ አለ፣ ሁሉም ውሃ አለ። አያ እንድሪስ ሁለተኛ አነሳ፣ ሦስተኛ አነሳ። ሰውዬው የሚበላው እንደተፈታ እስረኛ ነው። የልጅቱ እናት «በሞቴ፣ ማን ነው የሠራው?» ሲሉ ሁሉም ወደ እኔ ጠቆመ። ሸህ ይማምም «በሉ እንግዲህ፣ ለሠርጉም ይኼው ይሁንልን» ብለው ነገሩን ዘጉት። ሰይድ ሚስት አገኘ፣ ባጃጅም አልተጠራም። እኔም ተመስገን ልል ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። ኩራት በጾም ወቅት እንደማይፈቀድ ትዝ ያለኝ ስመለስ ነው።

ፋሲካ ደረሰ። አያ እንድሪስ እንኳን አደረሰህ ሊለኝ በቆርቆሮ ጣሳ ኩኪስ ይዞ መጣ። «ድርሻህ ነው፣ ሞሚና ከዒዱ አስቀምጣልሃለች» አለኝ። በዚህ ሙቀት ይኼን ሁሉ ሳምንት ሳይበላሽ መቆየቱ ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር። ነከስኩ። ከአፋር በግመል የሚመጣ አሞሌ የነከስኩ መሰለኝ። የሞሚና ጨው፣ በላዩ የእኔ ቁንጥር። ያለ ውሃ ልውጠው ሞከርኩ። አልሆነም።

«አያ እንድሪስ፣ እንግዶቹ የበሉት ይኼን ነው?»

«ይኼንኑ።»

«አንተስ ሦስት ስትበላ?»

«በልቶ አለመፍራት ይጥማል፣ ኪሮስ። ደግሞ እኔ ዋዜማውኑ ቀምሼው አውቀዋለሁ።»

«በረመዳን?»

ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘንድሮ አልጾምኩም። ሐኪሙም ከለከለኝ፣ ሸሃችንም ‹ባንተ ላይ ጾም የለም፣ ለችግረኛ አብላ› አሉኝ። አበላሁም። ግን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ሲጾም ይኼን ጺም ይዤ እበላለሁ ብዬ ለማን ልንገር? ጨው በዛ ብልህ፣ በምን አወቅክ ልትለኝ ነው።»

«እቴ ሞሚናስ?»

«ምሳዬን ከድና የምታስቀምጥልኝ ማን ሆነና? ማታ ነገርኳት። ‹ሰውዬው ቀኑን ሙሉ በባዶ አንጀቱ ጭስ ሲበላ ውሎ ጨው በዛ ይባላል እንዴ? እንዳትነግረው፣ ውሃ እናብዛ› አለች።»

እስቲ አስቡት። አያ እንድሪስ ለጺሙ ሲል ዝም፣ ሞሚና ለባሏና ለእኔ ስትል ዝም፣ ሸህ ይማም ለአያ እንድሪስ ሲሉ ማሻ አላህ። አምና ሰውዬውን ሆስፒታል ያስገባው ይሉኝታ ዘንድሮ ዞሮ መጥቶ ልጁን ዳረለት። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ደስ ያለው ሰው ነበረ፣ እሱም ያልቀመሰው ነው።

ከሳቃችን ሁሉ ይበልጥ ያ የተከደነ ምሳ ከልቤ አልወጣ አለ። ፈጣሪ የፈቀደለትን ምሳ ከሰው ተሸሽጎ የሚበላ ሰው ያሳዝናል። «ለሚመጣው ረመዳን ምሳህን ከጎማው ቁልል ጀርባ ትበላለህ፤ መጣ ሰው ካልኩህ ትደብቃለህ፤ ካላልኩህ ቀስ ብለህ ብላ» አልኩት። «ኢንሻ አላህ» አለ፤ ፊቱ ሲፈታ አየሁት። ቀጥዬም «ለሠርጉ ግን ጨዉን አወጣዋለሁ» ስለው ደነገጠ።

«እንዳታደርገው! ሸህ ይማም በሰው ፊት እንዲህ የሚጥም በልቼ አላውቅም ብለዋል። አሁን ጥሞ ቢመጣ ያን ቀን እንደዋሹ አይታወቅባቸውም?»

ልክ ነው። ስለዚህ ተማከርን፤ ሸህ ይማም ለሠርጉ ጉዳይ ቆቦ በመጡ ቁጥር ጥቂት ኩኪስ እጋግራለሁ፣ በየጊዜው ጨዉን በትንሽ በትንሹ እቀንሳለሁ፣ ሳይዋረዱ ወደ ጣዕሙ እንወስዳቸዋለን። ባለፈው ቅዳሜ መጡ። ግማሹን ጨው አውጥቼዋለሁ፣ አያ እንድሪስም በእኔ በራፍ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በግልጽ ቀምሶ «አሁን ኩኪስ ሆነ» ብሎ መስክሮለታል። ሸህ ይማም ነከሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «የዒዱ ግን ይበልጥ ነበር።»

ይሉኝታ ይሁን ምላሳቸው ለምዶት፣ እሱን አንድዬ ያውቃል። እኔ ለሠርጉ ሁለት ዓይነት እጋግራለሁ፣ ውሃውን ደግሞ በርሜል አስሞላለሁ።