ድምፅ የሌላት ጀልባ

አለኸኝ፦ ወዲያ! ሽቦው መቶ ሜትር እንኳ አይደርስም ነው የምልህ!

ዘርይሁን፦ እኔ ደግሞ ሽቦ አላየሁም ነው የምልህ፣ ጋሼ።

አለኸኝ፦ ሳይሰካ የሚሄድ ኤሌክትሪክ የት አይተሃል?

ዘርይሁን፦ ሞባይልህ።

አለኸኝ፦ ሞባይል ሰው ይጭናል?

[ዓመቱ 2008 ነው፣ በፈረንጆቹ። አለኸኝ በናይሮቢ መሃል ከተማ የናፍጣ ጀልባ ሞተር መሸጥ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ደሴቶች መካከል ሰው የሚያመላልሱ ባለጀልባዎች ደንበኞቹ ናቸው። እዚያው ናይሮቢ፣ ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ለእነዚያው ደሴቶች በኤሌክትሪክ የምትሄድ ጀልባ ሊሞክር ነው ተባለ። ወደ ሐይቁ ከመወሰዷ በፊት እዚሁ ከተማው ውስጥ፣ ኡሁሩ ፓርክ ኩሬ ላይ ለሕዝብ እያሳዩዋት ነው። አለኸኝ ስልሳ አዲስ ሞተር ሊያዝዝ ሲል፣ ሱቁን አብሮት የሚሠራው የሚስቱ ወንድም ዘርይሁን «እስቲ መጀመሪያ እንያት» ብሎ ጎትቶ አመጣው። አለኸኝ ዘርይሁንን ነገር ቶሎ አይገባውም ይላል። ሰውም አምኖታል።]

ዘርይሁን፦ የበተኑት ወረቀት ላይ «ካርቦን ለማስቀረት» ይላል። ታዲያ ደረሰኙን በምን ልንገለብጥ ነው?

አለኸኝ፦ የደረሰኝ ካርቦን አይደለም፣ አንተ! የጭስ ነው፣ የናፍጣ ጭስ!

ዘርይሁን፦ እ... የኛን ሞተር ማለታቸው ነዋ።

አለኸኝ፦ [ደንገጥ ብሎ] ማን የኛን አለ? ና ውጣ፣ ስትበላሽ አብረን እንይ።

[ጀልባዋ ላይ ወጡ። አለኸኝ መቀመጫውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። ነጂዋ፣ አንዲት ኬንያዊት ወጣት፣ «ታያሪ?» ብላ መዘጋጀታቸውን ስትጠይቅ ዓይኑን ጭፍን አደረገ።]

ዘርይሁን፦ ምነው ጋሼ፣ አመመህ?

አለኸኝ፦ ሞተር በጆሮ ነው የሚታወቀው። ዓይን ያታልላል። ዝም በል፣ ላዳምጥ።

ዘርይሁን፦ እሺ። ግን ዛፎቹ...

አለኸኝ፦ ዛፍ ማን ጠየቀህ? [ጥቂት አዳምጦ] ይኸው! አልተነሳም።

ዘርይሁን፦ ተነስቷል።

አለኸኝ፦ ድምፁስ?

ዘርይሁን፦ የለውም።

አለኸኝ፦ እኮ! ድምፅ ከሌለው አልተነሳም!

ዘርይሁን፦ ጋሼ፣ ዳክዬዎቹን አለፍናቸው እኮ።

አለኸኝ፦ እነሱ ናቸው ያለፉን። ዳክዬ ይዋኛል፣ እኛ ቆመናል።

ዘርይሁን፦ ነፋሱስ አይሰማህም?

አለኸኝ፦ የናይሮቢ ነፋስ የቆመ ሰው አይነካም ያለህ ማነው? [ጮክ ብሎ፣ መጨረሻውን በስዋሂሊ እየደገመ] ማዳም! ሞተርሽ እምቢ አለ፣ ሃይዋኪ!

[ነጂዋ ሳቀች። አለኸኝ ሳቋን እፍረት መሰለው፤ ደስ አለው።]

አለኸኝ፦ ሰማህ? አፍራለች። ስልሳውን ዛሬውኑ አዝዛለሁ። አሁን ወርጄ ለተሰበሰበው ሰው ራሴ እነግራለሁ።

ዘርይሁን፦ ኧረ ጋሼ፣ አትውረድ!

አለኸኝ፦ ልቀቀኝ!

ዘርይሁን፦ ዓይንህን እንኳ ግለጥ!

[አለኸኝ ኮቱን አስለቅቆ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ በኩራት አንድ እግሩን አነሳና ወረደ። ቦጭረቅ! ከዳር ያለው ሰው ጮኸ። ውሃው ከደረቱ አላለፈም፤ እሱ ግን ዙሪያውን እያየ አፉን ከፈተ። የኩሬው መሃል ነው።]

አለኸኝ፦ ማ... ማነው መሳፈሪያውን ያነሳው?!

ዘርይሁን፦ መሳፈሪያው እዚያው ነው፣ ጋሼ። የሄድነው እኛ ነን።

[ዘርይሁንና ነጂዋ ተጋግዘው ጎትተው አወጡት። ወደ ዳር ሲመለሱ አለኸኝ አንዴም ዓይኑን አልጨፈነም። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ዛፎቹ ሲያልፉ ያይ ጀመር።]

አለኸኝ፦ ድምፅ የሚባል የላትም እኮ።

ዘርይሁን፦ ምንም።

አለኸኝ፦ ደሴቶቹ ይቺን ካዩ የኔን ሞተር ማን ይገዛል? አለቀልን በለኛ።

ዘርይሁን፦ ምን ያልቃል? ጊጊሪ ሄደን ወኪል አድርጉን እንበላቸው። ባለጀልባዎቹን ከኛ በላይ ማን ያውቃቸዋል?

አለኸኝ፦ [ቀና ብሎ አየው። ይህን ራሱ ማሰብ ነበረበት።] የናፍጣ ሞተር ሻጮችን ምን ብለው ያምኑናል?

ዘርይሁን፦ «ዓይኑን ጨፍኖ ሞክሯት፣ መሄዷን እንኳ አላወቀም» እላቸዋለሁ።

አለኸኝ፦ ይሁን፣ ነገ እንሄዳለን።

ዘርይሁን፦ የምን ነገ! ሱሪህ ሳይደርቅ እንድረስ እንጂ!