አፍንጫው ወደ ደጅ

አቶ አብተው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በነሐሴ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አዋሽ ሞልቶ ወንጂ ያለውን የሸንኮራ ሠራተኞች ሰፈር ገባበት። እሳቸው ጣራ ላይ ወጥተው ተረፉ። የዘጠኝ ዓመቷ እህታቸው ልዩ ግን ቤት ውስጥ ቀረች። ውሃው ሲጎድል አባታቸው ከበራፉ ምስማር ላይ ያወረዱት በረባሶዋን ነው፤ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ፣ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጥ ጫማ።

ይህን ማስቀደማችን አንባቢ በሚቀጥለው እንዳይስቅ አይደለም። ይሳቅ። እኛ የአዳማ ጎረቤቶቻቸው ስንስቅ ኖረናል።

በየሰፈሩ አንድ የበራፍ ሹም አይጠፋም። ክረምት ሊገባ ሲል ሌላው ሰው ቀና ብሎ ጣራውን ያያል፤ የበራፍ ሹም ዝቅ ብሎ የበሩን ደፍ ያያል። የእኛው ክቡር ሹም አቶ አብተው ሥራ የሚጀምሩት በሰኔ ሚካኤል ማግሥት ነው። ጃንጥላ ከግራ ምስማር፣ ላስቲክ ከቀኝ፣ ገመድ ከመሐል። ጭቃ መጥረጊያው ጆንያ ከደፉ ወዲያ፣ ቦቲው ከደፉ ወዲህ። ከሁሉም ጫፍ ያች ትንሽ በረባሶ። ጫማ ሁሉ ፊቱን ያዞራል።

"አፍንጫው ወደ ደጅ" ይላሉ። "ጫማ ሰውን ይጠብቃል እንጂ ሰው ጫማ አይፈልግም።"

ሁለተኛው አዋጃቸው "በር የእግር ነው" የሚል ነው። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው ቦርሳውን በራፋቸው ላይ ቢያሳርፍ፣ ሲመለስ ቦርሳውን ያገኘው ከአጥር ውጭ ነው።

አምና የጎረቤታቸው የጃፋር እናት ሞተው ለቅሶ ተቀመጥን። ስድሳ ጥንድ ጫማ በራፉ ላይ ተዘበራርቆ ነበር። ስንወጣ ሁሉም በአራት ረድፍ ተሰልፎ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ በር አዙሮ ቆሟል። የማይታዩ ሰዎች ተጫምተውት ሊሄዱ የተነሡ ይመስላል። ማንም ደፍሮ እግሩን አልከተተም።

ጃፋር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አባ አብተው፣ እናቴን ትናንት ሸኘን። ዛሬ ደግሞ እነማንን ነው የሚሸኙት?" አለ።

"እንግዶችህን። ዝናብ እየመጣ ነው።"

ልጃቸው ሙሉብርሃን ሉሊትን ከቢሾፍቱ አግብቶ አመጣ። ሁለት ዓመት በሹሙ ሕግ ከኖረች፣ ልጅም ከወለደች በኋላ፣ ሉሊት በዚያ ቤት የኔ የምትለው አንድ ነገር አማራት። አናጢ ዘንድ ሄዳ ባለ መስታወት የጫማ ሳጥን አሠራች። ከበሩ ጥግ አቆመችው፣ ጫማውን ሁሉ ከነ በረባሶው ከተተችበት፣ ቆለፈችው።

በማግሥቱ ጠዋት በረባሶው ደፉ ላይ ነበር፤ አፍንጫው ወደ ደጅ። ሉሊት ሳቀችና መለሰችው፤ ቁልፉን ግን ኪሷ ውስጥ ይዛ አደረች። ሲነጋ በረባሶው ደፉ ላይ ነው። ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ጫማውን አነሣችው፤ ርጥብ ነበር። ዝናብ ገና አልጣለም።

"ሙሉ፣ አንተ ነህ?"

"ምኑን?"

"አባባ፣ እርስዎ ነዎት?"

አቶ አብተው ጫማውን ረጅም ጊዜ አዩት። "ቁልፉ ያለው አንቺ ዘንድ ነው፣ ልጄ" አሉ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሉሊት ከገበያ ስትመለስ ሳጥኑን ጓዳ ውስጥ አገኘችው። ጫማዎቿ በራፉ ላይ ተሰልፈዋል።

"አባባ፣ ቤቱ የእርስዎ ብቻ ከሆነ እኛ እንከራያለን።"

"ተከራዩ። በሩን ግን አስቀድሜ ልየው።"

ከምሳ በኋላ ልብስ ማሰር ጀመረች። ሁለተኛውን ሻንጣ ሳትዘጋ ከኮረብታው የወረደ ጎርፍ የግቢውን በር ገንጥሎ ገባ። ውሃው ጉልበቷ ሲደርስ ሕፃኑን አነሣች። በሩን የያዘ ነገር አልነበረም፤ ተከፈተ። አራቱም ወጥተው ከፍ ያለው የጃፋር በረንዳ ላይ ቆሙ።

ያኔ ከባዶው ቤት ውስጥ ተንኳኳ። አንድ ጊዜ። ቆየት ብሎ ሁለት ጊዜ።

ሉሊት ዞራ ቆጠረች። ባሏ አለ፣ ሕፃኑ አለ። አቶ አብተው የሉም፤ ውሃው ውስጥ ገብተው ወደ ቤቱ እየሄዱ ነው።

"መጣሁ፣ ልዩ" ይላሉ። "መጣሁ።"

ሕፃኑን ለባሏ ሰጥታ ተከተለቻቸው። ክንዳቸውን ያዘች። "አባባ፣ ሳጥኑ ነው። የኔ ሳጥን ተንሳፎ የጓዳውን በር እየመታ ነው።"

"ክፈቺው" አሉ።

ልትመልሳቸው ነበር፤ ፊታቸውን አየችና ተወችው። አብረው ገቡ። የጓዳውን በር ስትስብ ሳጥኑ መስታወቱ ተሰብሮ ቀስ ብሎ ወጣ። አቶ አብተው አንገታቸውን አስግገው እያንዳንዱን ጥግ አዩ። ማንም የለም። በረባሶው ግን ውሃው ሥር፣ ደፉ ላይ፣ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ሉሊት አልተከራየችም። ሳጥኑ ዛሬ ጓሮ የዶሮ ማደሪያ ነው። ዘንድሮ በሰኔ ሚካኤል ማግሥት፣ አቶ አብተው ጉልበታቸውን አሟቸው ሲተኙ፣ ጫማውን ያሰለፈችው እሷ ናት። ጃፋር "ምክትል ሹም" ይላታል፤ እኛም በራፏ ላይ ቦርሳ አናሳርፍም።

ጎርፉ የጎደለ ዕለት፣ ጭቃውን ሲጠርጉ፣ ስለ ወንጂው ቀን ጠይቃቸው ነበር። መጥረጊያውን ሳያስቀምጡ መለሱላት፦

"አባቴ ጓዳው ስለሚያፈስ፣ እህሉ እንዳይርስ ብሎ የእህሉን ትልቅ ሳጥን በሩ አጠገብ አቁሞት ነበር። ውሃው አነሣውና በሩ ላይ አጋደመው። እኔ በመስኮት ወጣሁ፤ ልዩ ግን መስኮቱ ላይ መድረስ አልቻለችም። ጣራው ላይ ሆኜ ስታንኳኳ እሰማ ነበር። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጎርፉ ነው። ጎርፍ ይመጣል፣ ይሄዳል። ትልቁ ነገር፣ ልጄ፣ ከውስጥ ለሚያንኳኳ ሰው በሩ መከፈቱ ነው።"