እምነት በውክልና

ታላቅ መሥሪያ ቤት በታላቅ ሰው ይመራል፤ ታላቅ ሰው ደግሞ በምክትሉ ይሠራል። ይህን እውነት የሚጠራጠር ካለ፣ የውሃ ማከፋፈያው መሥሪያ ቤት በአንድ ዳማ ፈረስ አማካይነት ከውርደት ወደ ክብር እንዴት እንደተሸጋገረ ቁጭ ብሎ ይስማ። ውሃ ማከፋፈያ ስለተባለ ብቻ ውሃ ያከፋፍል ነበር ብሎ የሚገምት የዋህ አይጠፋም። ቧንቧው ያፏጭ ነበር፤ የሒሳብ መጠየቂያውም በየወሩ ሳይዛነፍ ይመጣ ነበር። ከዚህ በላይ መጠበቅ ግፍ ነው።

ጣጣውን ያመጣው የሥራ አመራር ቦርዱ ነው። ሠራተኛውን ሰብስቦ «በአለቃችሁ ላይ እምነት አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ያልጠየቀ ሰላም ያድራል፤ የጠየቀ ግን ይሰማል። የቦርዱ ሰብሳቢ መልሱን ሲያነቡ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው ሲያደርጉት መልሱ ያው ነበር። በወሩ መጨረሻ እንደሚመለሱ፣ ያን ጊዜ እምነት ካልተገኘ ሥራ አስኪያጅም እንደማይኖር ተናግረው ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁ ወዲያው ምክትላቸውን አስጠሩ። ምክትሉ በታማኝነቱ አገር የመሰከረለት ሰው ነው። አለቃው ሲያስነጥሱ የራሱን አፍንጫ የሚጠርግ እሱ ነው።

«ሰማህ?» አሉት። «ለካ ታላላቅ መሪዎች የሚሠለጥኑት ከፈረስ ጋር ነው። ፈረስ አይዋሽም። ያለ ገመድ ከተከተለህ መሪ ነህ፤ ካልተከተለህ አይደለህም። አለቀ!»

«ድንቅ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቦርዱ ሲመጣ ፈረሱ ዓይናቸው እያየ ይከተለኛል። ከዚያ ወዲያ የማን አፍ ይናገራል?»

«የማንም፣ ጌታዬ።»

«ካልተከተለኝ ግን…» አሉና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ አዩ፤ «በረሃው ውስጥ ያለው የፓምፕ ጣቢያ ኃላፊ የለውም።»

ምክትሉ ካርታውን ማየት አላስፈለገውም። ጣቢያውን ያውቀዋል። ወደዚያ የተዛወረ ሰው ጡረታውን ሊቀበል እንኳ ተመልሶ አያውቅም።

የፈረስ ማሠልጠኛው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ክብ የእንጨት አጥር፣ አሸዋ የፈሰሰበት ወለል፣ የድርቆሽ ሽታ፣ መሐል ላይ ዳማው። አሠልጣኟ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ለመናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ጠዋቱን ስለ ጫና አስተማረች። ትከሻ ቀና ይላል፣ ዓይን ይተከላል፣ እጅ ይነሳል፤ ፈረሱም ከቦታው ይንቀሳቀሳል። ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን ቢያነሱ ዳማው ፈርጥጦ አጥሩ ጥግ ቆመ። ደስታቸውን አልቻሉትም።

«ይኼንንማ ከእናቴ ሆድ ይዤው ነው የወጣሁት!» አሉ።

«ከምሳ በኋላ ደግሞ መልቀቅን እንማራለን፣» አለች አሠልጣኟ። «ፈረስን የሚያስተምረው ጫናው አይደለም። ትንሽ እሺ ሲልዎት ወዲያው መልቀቅዎ ነው። እምነቱ ያለው እዚያ ጋ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ። ከምሳ በኋላ ስብሰባ አለባቸው። ሆኖም ኃላፊነት የሚሰማው መሪ ሥልጠና አቋርጦ አይሄድም፤ ወኪል ትቶ ነው የሚሄደው።

«የቀረውን ምክትሌ በእኔ ስም ይገነባዋል።»

«ምኑን?»

«እምነቱን ነዋ!»

«ፈረስ እኮ ውክልና አያውቅም፣ ጌታዬ።»

«እንዲያውቅ ይነገረው፣» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

እንግዲህ መሥሪያ ቤቱ ጫናን ብቻ ተምሮ የመጣ ሰው ምን እንደሚሠራ ለማየት ታደለ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮ ቢሮ እየዞሩ ትከሻቸውን ቀና፣ ዓይናቸውን ተከል፣ እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ከወንበሯ ትነሳለች፤ እጃቸው አይወርድም። ወደ መስኮቱ ትጠጋለች፤ አይወርድም። የምትገባበት ብታጣ ወጥታ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ሒሳብ ሹሙ ኮቴያቸውን ሲሰማ በጓሮ በር መውጣት ለመደ። «አያችሁ?» ይሉ ነበር ሥራ አስኪያጁ፤ «ስንት ዘመን የተገተረ ሠራተኛ መንቀሳቀስ ጀመረ!»

ምክትሉ በበኩሉ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን ክራቫቱን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለዳማው ንግግር አደረገ። «ክቡር ሥራ አስኪያጁን በመወከልና በራሴም ስም…» ሲል ዳማው ዞሮ ጭራውን ሰጠው።

«በራስህ ስም ብቻ ና፣» አለችው አሠልጣኟ።

«በራሴ ስም እኮ ምንም ሥልጣን የለኝም።»

«ዳማውም የለውም።»

ከዚያ ወዲያ ዝም ብሎ መቆም ተማረ። እጁን ማንሳት፣ ዳማው አንድ እርምጃ እሺ ሲለው ወዲያው ማውረድ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ቀስ ብሎ መራመድ። አንድ ጠዋት እንዲህ ሲራመድ ማጅራቱ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማው። ዳማው ተከትሎት መጥቷል። ገመድ የለ፣ ስኳር የለ፣ ትእዛዝ የለ! ምክትሉ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲከተል ኖረ እንጂ እሱን የተከተለው ፍጡር አልነበረም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከልቡ ደስ አለው። ወዲያው ግን ደስታው የማን እንደሆነ ትዝ ብሎት፣ «እሳቸውን ነው የተከተልከው፣ እሺ? እኔን አይደለም፣» እያለ ግንባሩን አሻሸው።

ማታ እራት ላይ ለሚስቱ ነገራት።

«ዝም ስል ይመጣል። ስጠብቀው ይመጣል። ታምኚኛለሽ?»

«አንተ? ዝም ስትል?» አለች። «እኔንም አንድ ቀን እንዲህ ቆመህ ብትሰማኝ እኮ ያለ ገመድ እከተልህ ነበር።»

«የሥራ ጉዳይ ነው ባክሽ።»

«አውቃለሁ። ለመሆኑ ቦርዱ ፊት ፈረሱ አንተን ቢከተልስ?»

ይህን አላሰበውም ነበር።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ የት እንደሚያደርስ ግን ተራቹ አልተናገረም። ምክትሉን የወደደው ፈረስ ቀጥ አድርጎ በረሃ ሊያደርሰው ነው። በማግስቱ ዳማው እንዲጠላው ለማድረግ ታጥቆ ተነሳ። ጮኸበት፤ ዳማው ጆሮውን አቁሞ ጮኾ እስኪጨርስ ጠበቀው። ሰደበው፤ ቀረብ አለው። ቢቸግረው የአለቃውን ኮት ተውሶ መጣና አፍንጫው ሥር እያወዛወዘ፣ «መሪህ ይኼ ነው! ይኼን አሽት!» አለው። ዳማው ኮቱን አሽትቶ አስነጠሰ። ምክትሉ ከልማድ ብዛት የራሱን አፍንጫ ጠረገ።

ቀኑ ደረሰ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። የቦርዱ ሰዎች ከፊት ወንበር ላይ፣ ሠራተኛው አጥሩን ተደግፎ፣ ምክትሉ ከሒሳብ ሹሙ ጀርባ አጎንብሶ።

«እምነት እንደ ውሃ ነው!» ብለው ጀመሩ ሥራ አስኪያጁ። «ከላይ ይመነጫል፤ ወደ ታች ይፈሳል!»

«እኛ ሰፈርስ መቼ ነው የሚደርሰው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«መሪ ደግሞ ወደ ኋላ አያይም!» አሉና ለዳማው ጀርባቸውን ሰጥተው መራመድ ጀመሩ። ዳማው ንቅንቅ አላለም። አንገቱን አስግጎ ሕዝቡን ቃኘ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ አይሆንም፤ ከሒሳብ ሹሙ ጀርባ ያለችውን ራስ አያትና አሽካካ። ሳቅ ተሰማ። በምክትሉ ዓይነ ሕሊና በረሃው መጣ። እና ሰው ሲጨንቀው ብልህ ይሆናልና አንድ ነገር ታየው። አጥሩን ዘሎ ገባና ከአለቃው ኋላ ኋላ መራመድ ያዘ። ዳማው ምክትሉን ተከተለ። ሥራ አስኪያጁ የሰኮናውን ድምፅ ሲሰሙ ደረታቸውን ነፉ።

«ያኛው ሰውዬ መሐል ላይ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ ሰብሳቢው።

«ተዋረድ ነው፣ ክቡር ሰብሳቢ፣» አለ የሰው ኃይል ኃላፊው ከጎናቸው ፈጥኖ። «እምነት ደረጃውን ጠብቆ ነው የሚሄደው።» ይህን ብሎ መቅረቱን ስለፈራ እሱም ሄዶ ከፈረሱ ኋላ ተሰለፈ። እሱን ያየ ሠራተኛ ሁሉ ተሰለፈ። ቦርዱ አጨበጨበ። አሠልጣኟ ብቻ እጇን አጣምራ ቆመች።

ጭብጨባውን የሰሙት ሥራ አስኪያጅ አንድ ዙር አልበቃ አላቸው። ክቡን ለቀው በትልቁ በር ወጡ። እዚያ በር ላይ፣ አዛባና ጭቃ በተቦካበት፣ የምክትሉ ጫማ ተቀርቅሮ ቀረ። ሊያወጣው ቆመ። ዳማው ቆመ። ሰልፉ ሁሉ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ብቻ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ መንገዱን ይዘው ቀጠሉ።

«ጌታዬ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አፉ ድረስ መጥታለች። ስንት ዓመት የተከተለውን ያን ሰፊ ጀርባ አየው። ማጅራቱ ላይ የዳማውን ትንፋሽ፣ ፊቱ ላይ የሰብሳቢውን ዓይን አገኘ። ቃሏን ዋጣት። ሥራ አስኪያጁ ከአጥሩ ጥግ ሲታጠፉ ለመጨረሻ ጊዜ፣ «እያያችሁ ነው?» ሲሉ ተሰሙ።

«ፈረስ አይዋሽም ተብለናል፣» አሉ ሰብሳቢው ተጠግተው። «ምክትል ነህ አይደል?»

«ነኝ፣ ክቡር ሰብሳቢ።»

«ነበርክ።»

ለበረሃው መንገድ ጫማውን ከጭቃው መዝዞ አወጣ። ሹመት መሆኑ የገባው፣ ሰው ሁሉ መጥቶ እጁን ሲጨብጠው ነው፤ በሌላው እጁ ጫማውን ይዟል። የበረሃው ጣቢያም ልምድ ያለው ኃላፊ አገኘ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ አንቱ ማለት ግድ ነው። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ወንበራቸው ላይ በተቀመጡ በሳምንቱ አሠልጣኟ ደወለች።

«ዳማው ጠዋት ጠዋት በር በሩን ያያል። ድርቆሹንም አልነካም። ምናለ ብቅ ብትልለት?»

አንተ መባላቸውን በትዕግሥት አለፉት። «ስብሰባ ላይ ነኝ። ሰው እልካለሁ፣» አሉና የሰው ኃይል ኃላፊውን ጠሩ። «ሂድና በእኔ ስም ቁምለት።»

«ድንቅ ነው፣ ጌታዬ፣» አለ የሰው ኃይል ኃላፊው።

ማታ ሚስታቸው፣ «ፈረሱስ እንዴት ሆነ?» ብትላቸው፣ «ተወክሏል፣» አሉ።

ቦርዱ ዓመታዊ ጉብኝቱን ሲያደርግ ሥራ አስኪያጁ አዲስ ሱፍ ለብሰው ክቡ ውስጥ ገቡ። ለዳማው ጀርባቸውን ሰጥተው ጥቂት ተራመዱና ያን ሞቅ ያለ ትንፋሽ ማጅራታቸው ላይ ጠበቁት። አልመጣም። ጠበቁ። መሪ ወደ ኋላ አያይም የተባለውን ረስተው ዞሩ። ዳማው አንገቱን በአጥሩ ላይ አሻግሮ አገጩን የሰው ኃይል ኃላፊው ትከሻ ላይ አሳርፏል። የሰው ኃይል ኃላፊው ፊት አመድ መስሏል። ያን አመድ ሥራ አስኪያጁ በደንብ ያውቁታል።

«ፈረስ አይዋሽም አልነበር እንዴ?» አሉ ሰብሳቢው።

«አይዋሽም፣ ክቡር ሰብሳቢ፣» አሉ ሥራ አስኪያጁ ላባቸውን እየጠረጉ። «ይሳሳታል እንጂ።»

ቦርዱ ይህን ጥልቅ አነጋገር በአድናቆት ተቀበለው። በዚያው ዳማው በአመራሩ ላይ እምነት የጎደለው መሆኑ ስለተረጋገጠ ተገቢው ሥልጠና እንዲሰጠው ተወሰነ። ሥራ አስኪያጁ የሰው ኃይል ኃላፊውን አየት አደረጉት። እሱም ካርታውን ማየት አላስፈለገውም።

«ሥልጠናው ሙሉውን ቀን ነው?» አለች አሠልጣኟ።

ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን አነሱ፤ ዳማው ሸሽቶ አጥሩ ጥግ ቆመ። እጃቸው ግን አልወረደም።

«ከምሳ በፊት ያለው ይበቃዋል፣» አሉ።