ድንኳን በፈቃድ፣ መርዶ ያለ ፈቃድ

ሰው ምን እንደሚፈራ ማወቅ ከፈለጋችሁ ምን እንደሚቆልፍ እዩለት። የእኛ የየካ አባዶ ሰው፣ ለምሳሌ፣ ኮንዶሚኒየም ሲገባ መጀመሪያ የሚያሠራው የብረት በር ነው፤ አልጋው ገና ሳይገባ በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ ይንጠለጠላል። አይፈረድበትም። ከየአገሩ ተሰባስቦ አንድ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሕዝብ እስኪተዋወቅ ድረስ መጠራጠሩ ያለ ነው። እድር ያቋቋምነውም ለመተዋወቅ ብለን ነበር። ከዚያ የእድሩን ድስት ቆለፍንበት።

ድስት ስላችሁ እንዳትስቁ። ትልቁ ድስታችን አንድ ጊዜ ለሠርግ ተውሶ ሄዶ ክዳኑ ሳይመለስ ቀርቷል። ያ ክዳን እስከ ዛሬ በየስብሰባው ይነሳል። ከእድራችን በሞት የተለዩ ሰዎች እንኳ እንደዚያ አይታወሱም።

ታዲያ አምና ሰላም የምትባል ጎረቤታችን፣ ኮምፒውተር ተምራ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ቢሮ የምትሠራ ልጅ፣ “ለእድሩ ለምን ኤጀንት አልሠራላችሁም?” አለችን። ደላላ ልታመጣብን መስሎን ተያየን። ኋላ ስታስረዳን፣ በስልክ የሚጻፍለትን አንብቦ ራሱ ሥራ የሚሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ የአባላትን መዝገብ ያያል፣ ዕቃ ከመጋዘን ያስወጣል፣ በስልክ ግሩፓችን ለሁላችንም መልእክት ያደርሳል። ሰላም ጠንቃቃ ናት። “ለሚሠራበት መሣሪያ ሁሉ ፈቃድ እናውጣለት” አለች። “የቱን በራሱ ያድርግ? የቱን ሰው አስፈቅዶ? የቱንስ ጭራሽ አይንካ? ይሄን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ እንጂ እኔ አይደለሁም።”

እኛም ወሰንን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተሰብስበን ስለ ድስትና ስለ ድንኳን ጉሮሯችን እስኪደርቅ ተከራከርን። ድስትም ሆነ ድንኳን ከመጋዘን የሚወጣው ሊቀ መንበሩ፣ ዕቃ ቤት ኃላፊውና እኔ ጸሐፊው፣ ሦስታችንም በየስልካችን እሺ ስንል ብቻ እንዲሆን ተባለ። ሰው ነጠላውን አስተካክሎ ሊነሳ ሲል ሰላም “መልእክት መላኩስ?” ብላ ጠየቀች። “ለመልእክት ደግሞ የምን ፈቃድ ነው!” አሉ ሊቀ መንበራችን ጋሽ በቀለ። “እሱስ በራሱ ይሂድ።” ሳቅን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እያልን ያደግን ሰዎች፣ ድስቱን በሦስት ሰው ቆልፈን የኤጀንቱን አፍ ክፍት ተውነው።

ወይዘሮ ዘነበችን ላስተዋውቃችሁ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ከእድሩ መሥራቾች አንዷ፣ የእኛ ብሎክ ምድር ቤት ነዋሪ ናቸው። ትንሿ ልጃቸው ትዕግሥት አብራቸው ትኖራለች፤ ትልቁ ዳዊት ሐዋሳ ነበር የሚሠራው። ስለ ዳዊት ሲያወሩ በመሃል ይስቃሉ፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን አይነግሯችሁም።

በኪዳነ ምሕረት ዕለት በጠዋት እንጦጦ ወጡ። ዳዊት ትዳር እንዲይዝላቸው ተስለው ነበር። እሳቸው እዚያ እያሉ ለትዕግሥት ስልክ ተደወለ፤ ወንድሟ በመኪና አደጋ ሞቷል።

መቼም መርዶ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። እናት ሌሊቱን ትተኛለች፤ ጎረቤት ነው የማይተኛው። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ በሯን ያንኳኳል፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ይቆማል፣ ከዚያ ይነገራታል። ትዕግሥትም እንደዚያ እንዲሆን ብላ፣ እያለቀሰች ለኤጀንቱ ጻፈችለት፦ “ወንድሜ ዳዊት አርፏል። ነገ ጠዋት ድንኳን ይተከልልን።” ለእናቴ እንዳትናገር አላለችውም። ይሄ ደግሞ ለማን ተነግሮ ያውቃል?

ኤጀንቱ የታዘዘውን አደረገ። ለድንኳኑ ከሦስታችን ፈቃድ ጠየቀ። ለመልእክቱ ፈቃድ አላስፈለገውምና ወዲያው ግሩፑ ላይ አወጣው። እኔ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ “ነፍስ ይማር” ብዬም ጻፍኩ። ወይዘሮ ዘነበችም ግሩፑ ውስጥ መሆናቸው ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ግን ነፍስ ይማር እያለ ይጽፋል።

እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በባሕር ዛፉ መሃል ቁልቁል እየወረዱ፣ ትዕግሥት ደውላ እንደሆነ ብለው ስልካቸውን ይከፍታሉ። “የወይዘሮ ዘነበች ልጅ ዳዊት ስላረፈ ነገ ጠዋት ቤታቸው እንድትገኙ” ይላል። ከመሬት ያነሷቸው የማያውቋቸው ሴት ናቸው። ታክሲ ውስጥ አቅፈው ሰፈር ድረስ ያመጧቸውም እኚያው ሴት ናቸው። ጩኸቱን ሰምቶ ሰው ከየብሎኩ ወረደ። “ድንኳን አውጡ!” ተባለ። ጋሽ በቀለ ስልካቸውን ቤት ጥለው ከሰፈር ወጥተዋል፤ ዕቃ ቤት ኃላፊው ደግሞ የሦስት ሰው ፈቃድ ሳይሟላ አልከፍትም አለ፤ እሱም እያለቀሰ ነው። ልቅሶው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን ከሰፈራችን ንብረት አንድም አልጠፋም።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ሰላም ፈቃዱን ወዲያውኑ ለወጠችው፤ ከዚያ ወዲያ የሞት ወሬ በሽማግሌ ካልታየ ከኤጀንቱ አይወጣም። ድንኳኑንም ከሦስት ሰው ፈቃድ ለቀቅነው። ይቅርታ ለመጠየቅ የሄድነው ከአርባው በኋላ ነው፤ እስከዚያ ፊታቸውን የምናይበት ዓይን አልነበረንም።

“ወይዘሮ ዘነበች፣ አጥፍተናል” አሉ ጋሽ በቀለ ቆመው። “ሕጉን ግን አስተካክለነዋል። ሁለተኛ በእንዲህ ያለ ሁኔታ መርዶ የሚሰማ ሰው አይኖርም።”

“ደግ አደረጋችሁ። ቁጭ በሉ እንጂ” አሉ። ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲያጣጥፉ ቆዩ። “ያው መስማቴ መቼ ይቀር ነበር። በነጋታው ትነግሩኝ ነበር። ብቻ ጎህ ሲቀድ ብትመጡ ኖሮ፣ ያቺን አንድ ሌሊት ዳዊት አለ ብዬ ተኝቼ አድር ነበር።”