እባክሽ ተሳሳቺልን

ሌሊቱን በሕልሜ ወደ ኳስ ሜዳችን ስሮጥ አደርኩ። ፊሽካዬን በአንገቴ አንጠልጥዬ፣ ካርዶቼን በደረት ኪሴ ይዤ እሮጥ ነበር፤ ሜዳው ግን በቀረብኩት መጠን ይርቀኝ ነበር። ከኋላዬ የሚያባርረኝ ሰው አልነበረም። ሆኖም አርፍጃለሁ የሚለው ፍርሃት እንደ ቡችላ ተረከዜን እየነከሰ አላስቆም አለኝ።

የሕልሙ ምክንያት አልጠፋኝም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር የዋንጫ ጨዋታ አለ፤ ዳኛዋ እኔ ነኝ። የዳኝነት ኮርሱን በአንደኛነት ብጨርስም የተመረጥኩት በውጤቴ አይደለም። እኔ የታች ሰፈር ልጅ ሆኜ ሳለሁ፣ «የጌጡ ልጅ ታጫውተን» ያሉት ላይ ሰፈሮች ራሳቸው ናቸው። አባቴ ጌጡ በተጫዋችነቱ ዘመን አጥቂዎችን አስሮ ስለሚይዝ «ጌጡ ሲባጎ» ይባል ነበር። በአንድ የዋንጫ ጨዋታ ላይ ዳኛው ያላየውን ኳስ «በእጄ ነክቻለሁ» ብሎ በራሱ ላይ መሰከረ። ላይ ሰፈር በዚያች ቅጣት ምት ዋንጫውን ወሰደ። ታች ሰፈር ከዚያ ወዲህ ዋንጫ በእጁ ገብቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ዳኛ ለመሆን የወሰንኩት ያንን ታሪክ የሰማሁ ዕለት ነው።

በሕልሜ ሜዳው በመጨረሻ መሸሹን ተወና ገባሁ። ተጫዋቾቹ ማልያና ታኬታ እንዳደረጉ በድንጋዩ መቀመጫ ላይ ተደርድረው ኦቾሎኒ ይፈለፍሉ ነበር። ደጋፊዎቹ ደግሞ ኮትና ጃኬታቸውን እንደለበሱ፣ አንዳንዶቹም ጃንጥላቸውን እንደያዙ፣ ሜዳው መሐል ቆመው ያለከልኩ ነበር። ከተቀመጡት ተጫዋቾች ሁለቱ ስለ ድሮ ደጋፊዎች ያወራሉ።

«የድሮ ደጋፊ ቀረ» አለ ስምንት ቁጥር። «መንገሻ መብረቅን አስታወስከው? በግራ ጉሮሮውም በቀኝ ጉሮሮውም እኩል ይጮህ ነበር እኮ!»

«እሱማ ደጋፊ ነበር!» አለ በረኛው። «የዛሬዎቹ ገና ጎል ሳይገባ ድምፃቸው ይዘጋል። ልምምድ የለ፣ ምን የለ።»

«ስድቡስ ብትል? ንጹሕ ስድብ። አንድ ጊዜ ሰድቦኝ ሳምንት ሙሉ ስኮራ ከረምኩ።»

«ተወኝ እባክህ። የዘንድሮው ስድቡን ከስልኩ ላይ ነው የሚያነበው።»

ስምንት ቁጥር ድንገት ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ዳኛ፣ ምን ያስቆምሻል? ግቢና አስጀምሪያቸው እንጂ! ሰዎቹን ጨዋነት ሊገድላቸው ነው።»

ገብቼ ፊሽካዬን ነፋሁ። ጨዋታው ግን አልጀመረም፤ ኳሱን ቀድሞ መንካት ለሁሉም ነውር ሆኖባቸው ነበር።

«በሞቴ፣ አንተ ጀምር» አለ አንድ ባለ ጃንጥላ።

«ምን ቆርጦኝ! እርስዎ እያሉ?»

«አፈር ስሆን!»

«ኧረ እኔ አፈር ልሁን!»

ኳሱ ክርክራቸው ሲሰለቸው በራሱ ጊዜ ተንከባሎ ወደ ላይ ሰፈር ግብ አመራ። ሲደርስም የግቡ እንጨቶች ከተቀመጡበት ብድግ ብለው «ኖር!» አሉት።

«በእግዜር! ኧረ በእግዜር ተቀመጡ!» አለ ኳሱ።

አልተቀመጡም። እንጨቶቹ አክብሮታቸውን ለመግለጽ ወደ ዳር ፈቀቅ ሲሉ የሚገባበት ግብ ጠፋ። ኳሱም አፍሮ ወደ መሐል ተመለሰ።

ያን ጊዜ ባለ ሥጋ ቤቱ ጋሽ ንጋቱ በጉልበታቸው እየዳሁ ወደ እኔ መጡ። በእውኑ ዓለም ጋሽ ንጋቱ ከአጥሩ ኋላ ሆነው ዳኛ በመሳደብ የታወቁ ሰው ናቸው። በሕልሜ ግን ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ ነበር።

«ዳኛዬ፣ ቀይ ካርድ ስጪኝ።»

«ምን አጥፍተው?»

«ያንን ልጅ ጠለፍኩት።»

«ከእሱ ጋር እኮ በጣም ተራርቃችሁ ነበር፣ ጋሽ ንጋቱ።»

«በልቤ ነዋ የጠለፍኩት!»

«ሕጉ ስለ ልብ የሚለው ነገር የለም።»

«እንግዲያው ምኑን ሕግ ሆነ!» አሉና እጃቸውን ወደ ኪሴ ሰደው ቀዩን ካርድ አወጡ። ለራሳቸው ከፍ አድርገው አሳዩና እያለቀሱ ከሜዳ ወጡ። ወዲያው በፊቴ ረዥም ሰልፍ ተሠራ። አንዱ በሐሳቡ ከጨዋታ ውጪ እንደነበረ ተናዘዘ። ሌላው የተጋጣሚው ማልያ አምሮበት ስላየ ቀንቶ ነበርና ቢጫ እንዲሰጠው ለመነኝ። አንድ ሽማግሌ ኳሱ ሳያውቁት እግራቸውን ነክቶ መረብ ውስጥ ሲገባባቸው በመሐረባቸው ጠርገው መለሱትና በረኛውን ይቅርታ ጠየቁ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ማንም የማይዋሽበት፣ ማንም ሳይነካ የማይወድቅበት ሜዳ ስመኝ ነው የኖርኩት። ደስታዬ ግን አልቆየም። የሰዓቴ ቆጣሪ ቆሞ ነበር። ፀሐይዋም ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ እንደ ሚስማር ተመትታ ቀረች። ውጤቱ ባዶ ለባዶ ነበር። ሰዎቹ ከድካም ብዛት ኮታቸውን እያነጠፉ ሣሩ ላይ መጋደም ጀመሩ።

ወደ ድንጋዩ መቀመጫ ሮጬ፣ «ይህ ጨዋታ የሚያልቀው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ዳኛ ሲሳሳት ነዋ!» አለ በረኛው። «አንደኛ ነው የወጣሁት አላልሽም?»

«እንዲህ የሚል አንቀጽ የለም።»

«አለ። አንቺ ከላይ ወደ ታች አንብበሽው ነው። ገልብጠሽ አንብቢው።»

መላው ሜዳ በአንድ ድምፅ «እባክሽ ተሳሳቺልን!» እያለ ማዜም ጀመረ። ልቆጣቸው ዘወር ስል አባቴን አየሁት። የድሮ ማልያውን ለብሶ፣ ሌላው ሁሉ በተጋደመበት ሜዳ ላይ ብቻውን ኳሱን ይከተል ነበር። ፊቱ ዓመድ መስሏል። ትንፋሹ ከደረቱ ሲወጣ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል።

«አባዬ፣ ቁም!» አልኩት ከጎኑ እየሮጥኩ።

«የማብቂያው ፊሽካ ሳይነፋ ተጫዋች ይቆማል?»

«ልብህ ሊቆም ነው!»

«እሱስ ይመስለኛል» አለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «ሩጫዬ ግን አይቆምም።»

ስለዚህ ለመሳሳት ቆርጬ ተነሣሁ። ማንም ማንንም ባልነካበት ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ቦታው አመለከትኩ። በአቅራቢያው የተጋደመ ሰው እጁን አነሣ፤ «እውነቷን ነው! ጠልፌዋለሁ! እንዴት አየሽኝ በናትሽ?» በረኛ ሆኖ የራሱ ግብ ውስጥ ያንቀላፋውን ደጋፊ ከጨዋታ ውጪ ነህ አልኩት። «ዕድሜዬን ሙሉ!» ብሎ ተንሰቀሰቀ። ለተዘረጋ ጃንጥላ ቢጫ ካርድ ሳሳይ ጃንጥላው ራሱን ዘግቶ እጅ ነሣ። ሰው ሁሉ ያልሠራውን ጭምር በሚናዘዝበት ሜዳ ላይ ዳኛ መሳሳት አይችልም። የቱንም ያህል የተሳሳተ ፍርድ ብሰጥ እንኳ ወዲያውኑ ትክክል ይሆንብኝ ነበር።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ያላጠፋውን «አላጠፋሁም» ይላል ብዬ ተስፋ የማደርግበት አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ። ፊሽካዬን ነፋሁና በጣቴ አመለከትኩት።

«ጌጡ ሲባጎ! ኳሱን በእጅህ ነክተሃል!»

ዜማው ተቋረጠ። ኦቾሎኒ የሚፈለፍሉት ጣቶች እንኳ ባሉበት ቆሙ። አባቴ ኳሱን በእጁ አልነካም፤ እኔም እሱም እናውቃለን። «አልነካሁም» ካለ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ጨዋታው ያልቃል፤ እሱም ይተርፋል። እየሮጠ ወደ እኔ ዞሮ ተመለከተኝ። እውነቱን ተናገር ብዬ በዓይኔ ለመንኩት።

«ልጄ ትሳሳታለች እንዴ?» አለ ለሕዝቡ። «እሷ ካለች ነክቻለሁ ማለት ነው።»

እጁን ወደ ላይ ማንሣት ጀመረ። የቻልኩትን ያህል ጮህኩ፤ በጩኸቴም ነቃሁ።

ነግቶ ነበር። ከሳሎን የወንዶች ድምፅ ይሰማል። ነጠላዬን ደርቤ ስወጣ እናቴ አፏን በእጇ ይዛ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ከግድግዳው ጥግ ተደርድረው ቆመዋል። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ተድላ ከፊት፣ ጋሽ ንጋቱ ከጎናቸው። ማን ይሆን ለጋብቻ የጠየቀኝ ብዬ ደነገጥኩ።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አልኩ።

«ጉዳያችን ይሁን ሲባልልን እንቀመጣለን» አሉ አቶ ተድላ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ለጋብቻ አይደለም የመጣነው። ታች ሰፈር ልኮን ነው። ብዙም አንጠይቅሽም፤ ለዛሬው ጨዋታ አንዲት ፍጹም ቅጣት ምት ብቻ። ከዕረፍት በፊት ብትሆንልን እንመርጣለን። ከዕረፍት በኋላም ካልሽ ግን አናስቸግርሽም።»

«በሩቁ የመጣ ንክኪ ቢሆንም ይበቃናል» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

መልስ ፍለጋ አባቴን በዓይኔ ፈለግሁት። በሶፋውም፣ በበሩም አጠገብ አልነበረም። ከሽማግሌዎቹ መጨረሻ፣ እንደነሱ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል።

«አባዬ፣ አንተ እንኳ ተቀመጥ» አልኩት።

ዓይኑን ከወለሉ ላይ ሳያነሣ «እሺታዎን ሳንሰማ አንቀመጥም» አለኝ።