ቤቷን ያጠበበች ማኅበርተኛ

በእኛ በጎንደር «ቤትህ ስንት ክፍል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። «ስንት ሰው ያስቀምጣል?» ነው የሚባለው። ሙሽራ ሲታጭም፣ ለቅሶ ሲደረስም፣ ማኅበር ሲጠጣም ቤቱ የሚለካው በሰው ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ በቤቱ ይለካል። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ከወንድሜ ጀርባ ቆሜ መጽሐፉን እያሾለቅሁ ነው፤ ያም ሆኖ እስከ ዛሬ ካነበብሁት ሁሉ ቤቱ ሰፊ የሆነ ሰው ልቡም ሰፊ ነው የሚል አላገኘሁም። እናንተ ካገኛችሁ ንገሩኝ።

አባቴ ሲሞት እናቴ ብቻዋን የቀረችበት ቤት ልደታ አጠገብ ያለ፣ ፎቅና ምድር የድንጋይ ቤት ነበር። ልጆቿ ተበትነናል፤ አንዱ ወንድሜ አስመራ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ እኔ ደግሞ ባል አግብቼ ከቁልቁለቱ በታች። በዚያ ቤት ስትጣራ የሚመልስላት የራሷ ድምፅ ብቻ ነው። ደረጃውን ስትወጣ ጉልበቷን ትረግማለች፣ ስትወርድ ሥላሴን ትጠራለች። በመጨረሻ ቤቱን፣ ሚስት ሊያገባ ለተዘጋጀው የልጅ ልጇ ሰጠችና፣ ጣሊያን ሠርቶ ከተዋቸው ቤቶች ሁለት ክፍል ብቻ ያላት አንዷ ውስጥ ገባች። «እኔ ጋ ነይ» ብላት፣ «አንቺ ቤት ከገባሁ ሁለታችንም እንግዳ እንሆናለን» አለችኝ። ምላሴን ከየት እንዳመጣሁት ይኸው አወቃችሁ።

ሰው መቼም ማውራቱ አይቀርም። ባሏ የሞተባት ሴት ወይ ትመነኩሳለች፣ ወይ ልጇ ዘንድ ትገባለች፤ ሦስተኛ መንገድ አልተሠራላትም። «ቆብ ሳትደፋ ምነው ቤቷን አጠበበች?» አሉ። እሷ ግን ቤቷን ወደደችው። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ምድጃውንም፣ በሩንም፣ መንገዱንም ማየት ትችላለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ቤት ስጠብቅ ኖርሁ፤ እስቲ አሁን ደግሞ ቤት እኔን ይጠብቀኝ» ትል ነበር።

የጎዳት የማርያም ማኅበር ነው። ማኅበር የጠጣ ያውቀዋል፤ ማኅበርተኛው በየወሩ በአንዱ ቤት ተሰብስቦ በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ የምንለው፣ ጽዋውን አንስቶ ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ያስረክባል። እናቴ ወደ ማኅበሩ የገባችው እኔ ሳልወለድ ነው። አዲሱ ቤቷ ከገባች በኋላ በጠጣነው ማኅበር፣ ጽዋውን የምትረከበው ባለተራ እሷ ነበረች። እጆቿን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ዘረጋች። ሙሴው አያ ደስታ ጽዋውን ይዘው መጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ ከዚያ በተዘረጋው እጇ ላይ አሳልፈው ከጎኗ ለተቀመጡት ለወይዘሮ ድንቅነሽ ሰጡ።

«እንዳናስቸግርሽ ብለን ነው፣ እታለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቤቱ ጠበብ ያለ ነው አሉ።»

ክፋት አልነበረበትም። የባሰውም እሱ ነው። ክፉ ቢሆኑ ትመልስላቸው ነበር፤ አሳቢ ሆኑባት። እኛ ለሰው ስናዝንለት በቁሙ እንዴት አድርገን እንደምንቀብረው ልብ በሉ። እጇ እንደተዘረጋ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ነጠላዋን የምታስተካክል መሰለች። ደጃፏ ስንደርስ ዘወር ብላ፣ «ምነው፣ ሞቻለሁ እንዴ?» አለችኝ። ተራው የሚታለፈው የሞተ ሰው ነው፤ ያም ቢሆን ልጅ ይተካል።

በማግስቱ በጠዋት እናቴ ከወይዘሮ ድንቅነሽ ደጅ ቆማ፣ «ጽዋዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች። ወይዘሮ ድንቅነሽ በአዳራሻቸው የሚመኩ ሴት ናቸው፤ ቢሆንም ይሉኝታ ያዛቸውና ሰጧት። እኔ የእናቴን ትልቁን ክፍል በክንዴ ለክቼ ጨነቀኝ። «እኔ ቤት ይደገስ» ብዬ ለመንኋት።

«ያጠበብሁት ቤቴን ነው» አለች፤ «ማርያምን መዘከሬን አልተውሁም።»

ቀኑ ደረሰ። ጋኑ በበሩ አልገባ ብሎ ደጅ ተተከለ። የነፍስ አባታችን ባለችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ አልጋው ላይ እንደ ማሰሮ ተደረደሩ፤ ወንዶቹ መሬት ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጠሙ። አያ ደስታ አርፍደው መጡና ከበሩ ደፍ በቀር ቦታ አጡ። ጠላው ከውጭ፣ ጠጪው ከውስጥ፣ እሳቸው ከመካከል። ዕድሜ ልካቸውን ተቀምጠው ሲቀዳላቸው የኖሩ ሰው፣ ያን ቀን ዋንጫ ሲያቀብሉ ዋሉ።

አልጋው ላይ ደግሞ ወይዘሮ ድንቅነሽና ወይዘሮ አበበች ጎን ለጎን ወድቀዋል። በአጥር ነገር ተኳርፈው፣ በየሰፊው ቤት አንዳቸው በምሥራቅ አንዳቸው በምዕራብ ሲቀመጡ የኖሩ ናቸው። እዚህ ቤት ምሥራቅና ምዕራብ የሚባል ነገር የለም። አንዳቸው እንዲጠጡ ሌላቸው ክንዳቸውን ማንሳት አለባቸው።

«ክንድሽን ሰብሰብ ብታደርጊው» አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ።

«የት ላድርገው?» አሉ ወይዘሮ አበበች። «ቆርጬ ደጅ ላስቀምጠው?»

«ለአጥርሽ ማገር ይሆንሽ ነበር።»

በዚያ ቤት ለብቻ መንሾካሾክ አይቻልምና ሁሉም ሰማ፤ ሁሉም ሳቀ። መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ አበበች ናቸው። ማኅበርተኛው ከሌላ ጊዜው ሁሉ አምሽቶ ተነሳ፤ አያ ደስታ ጽዋውን ለወይዘሮ ድንቅነሽ ሲያስረክቡ እናቴን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

በወሩ ወይዘሮ ድንቅነሽ አዳራሻቸውን አስነጥፈው ተቀበሉን። እንደ ልማዳችን ግድግዳውን ተከትለን ተቀመጥን። አንዱ ሲናገር ከወዲያ ማዶ ያለው «እ?» ይላል፤ የተናገረው ይደግማል፤ ጨዋታው በመንገድ ላይ ይቀዘቅዛል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ብቻ አንዱ ተነስቶ እናቴ ወዳለችበት ጥግ ተጠጋ፣ ሌላው ተከተለ፣ የነፍስ አባታችንም ወንበራቸውን ጎትተው መጡ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ከጓዳ ብቅ ቢሉ አዳራሹ ባዶ ነው፤ ማኅበርተኛው እንዳለ አንድ ጥግ ላይ ተከምሯል።

«ምነው፣ ቤቴ ምን ጎደለው?» አሉ ከፍቷቸው።

«ምንም አልጎደለው» አለች እናቴ፣ ከጎኗ ነጠላዋን እየሰበሰበች። «ተርፎት ነው እንጂ። ነይ ተቀመጪ።»

ተጠጋጋንላቸው።